መጀመሪያ አንድ ክረምት ተከራዩበት

ውድ ልጆቼ፣

ቢሮዬ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ገና ወንበር ሳይስብ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ቤት አሁን ልግዛ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» መምህሩም፣ ነርሷም፣ የፋብሪካው ፈረቃ መሪም፣ ወንድሙ ከውጭ የሚልክለትም ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ሳስረዳ ሻዬ እየቀዘቀዘ ተቸገርኩ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ሻይ ምን ያህል እንደሚታገሥ ደግሞ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ።

ከሁሉ በፊት የእኔን ጥቅም እወቁት። ደላላ የሚበላው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ኮሚሽኑ በተለምዶ ከሽያጩ ሁለት በመቶ ገደማ ነው፤ ቤቱ ካልተሸጠ ግን ያ ሁሉ ሰው ማመላለስ፣ ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ጭቃ መርገጥ ባዶ እጅ ነው። እናንተ ስትቸኩሉ እኛ እንጠቀማለን፤ እናንተ አንድ ሳምንት ስታስቡበት የእኛ ምሳ ይዘገያል። «ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው»፣ «ባለቤቱ ሊሄድ ነው፣ ቪዛው ደርሷል»፣ «ከሰኞ ጀምሮ ዋጋው ይጨምራል» የሚሉት ነገሮች የሚመጡት ከዚህ ነው። አንዳንዴ እውነት ናቸው። እውነት ቢሆኑም «እንግዲህ ለእሱ ያርግለት» በሉና እደሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ቤት ገዢ ታይቶ ሳይሆን አይቀርም።

የእኔ ምክር ለኪሴ የሚስማማ አይደለም። ልትገዙበት ባሰባችሁት ሰፈር መጀመሪያ ተከራይታችሁ ኑሩ። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ የታኅሣሥ ብርድ ይለፍባችሁ። «በየወሩ ለሰው ከምገብር የራሴን ልያዝ» የሚለውን ሙግት አውቀዋለሁ፤ እኔው ራሴ ለስንቱ ገዢ ብዬዋለሁ። ግን የጥቂት ወር ኪራይ ከፍሎ መቅረት ይቻላል፤ የተሳሳተ ቤት ገዝቶ መቅረት ግን አይቻልም፣ ከነዕዳው አብሮ ይኖራል። አከራዩ የዓመት ቅድሚያ አምጡ ካላችሁም፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ እንደሚል አስታውሱት። ይሰማችኋል አይሰማችሁም ሌላ ነገር ነው፤ እናንተ ግን አውቃችሁ ተደራደሩ።

ለምን ክረምትና ታኅሣሥ አልኩ? ከብርዱ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ከወዲያ የመጣ ገዢ በሚያዝያ ቀትር ቤት አይቶ፣ አየሩ ተስማምቶት፣ እዚያው ይወስናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ እንደሚያድር፣ ደጅ ያደረ ባልዲ ውሃ አንዳንዴ ስስ በረዶ እንደሚይዝ የሚነግረው የለም። ሻጩማ ምን ቆርጦት! ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ቦታ የመረጡት ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ነው ይባላል። እሳቸው ንጉሥ ናቸው፤ ብርሃን አይተው መክተም ይችላሉ፣ ካርታ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። እናንተ ግን ብርሃኑ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ እዩ።

ይህን ቀልድ አታድርጉት። በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ ነው የምትሄደው። ስለዚህ የሳሎኑ መስኮት ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ ቤት፣ በዚያ በብርዱ ጊዜ ጠዋት ይሞቃል። ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ጀርባው በጎረቤት ፎቅ የተጋረደ ቤት ደግሞ ቀን አሥር ሰዓት ላይም ጋቢ ያስለብሳል። ሁለቱ ቤቶች ዋጋቸው እኩል ነው፤ ለፀሐይ ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ እስካሁን በገበያችን አላየሁም። ለሚያውቅ ሰው ይህ በነፃ የሚገኝ ሀብት ነው። ስለ ግንቡም እንዲሁ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸውን የድሮ ቤቶች ወጣቶች «አርጅቷል» እያላችሁ ታልፏቸዋላችሁ። መንዝና ተጉለት ያሉ አባቶቻችን በድንጋይ የገነቡት ብርዱን ስለሚያውቁት ነው። ስስ ብሎኬት ገጥግጦ በቀለም ያሸበረቀው አዲስ ቤት ሌሊት ምን እንደሚመስል እደሩበትና ንገሩኝ።

ክረምቱ የሚገልጠው ደግሞ አፈሩን ነው። በከተማችን ዙሪያ፣ በተለይ ሜዳ ሜዳውን፣ ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ የቆመ ቤትም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። መሠረቱ ዋልካውን ጨርሶ ጥብቅ መሬት እስኪያገኝ ተቆፍሮ፣ በተመረጠ አፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ካልተሠራ ግድግዳው ይናገራል። ሻጭ ይህን ስለሚያውቅ ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ቀለም ይቀባል።

አንድ ቀን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ልጅ ቤት ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ግቢው ያማረ፣ ሴራሚኩ የሚያብረቀርቅ፣ ኮርኒሱ አበባ የወጣለት። ልጅቷ ወጥ ቤቱ ላይ ቀርታለች። እኔ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ የበሩን መቃን አየሁ፤ በሩ ከላይ በኩል በመላጊያ ተልጎ ጠቧል፣ ከታች ግን ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለው። ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ጣሪያው ሰያፍ የሚሄድ መስመር ደግሞ ከቀለሙ ሥር በስቱኮ ተደፍኗል፤ በእጅ ሲዳስሱት ይታወቃል። «ይህ በር መቼ ነው የተላገው?» ብዬ ሻጩን ስጠይቀው «ልጆች ሲያንገጫግጩት ነው» አለኝ። ልጅ በር ይሰብራል እንጂ ቤት አያዘምም። አንተ የማን ደላላ ነህ ብሎ ተቆጥቶኛል፤ ልጅቷን ግን በሩን ከፍታ እንድትዘጋው አደረግኳት። ሦስት ጊዜ ሞክራ ዝም አለች። እናንተም ቤት ስታዩ ሴራሚኩን ተዉት። በርና መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ የመስኮት ማዕዘኖችን ዳስሱ፤ የግቢው ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠይቁ። ከተቻለ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ ባባራ በሰዓቱ ሂዱ።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። «ካርታ አለው» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። የካርታውን ቅጂ በስልክ ተልኮላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ዋናውን ይዛችሁ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ፣ ማዘጋጃ ቤት በእግራችሁ ሂዱ። እዚያ ፋይሉ ይውጣ። ዕዳና እገዳ እንዳለው ጠይቁ። በባንክ የተያዘ ቤት ከሆነ ቀልድ የለም፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት መመላለስ ሳያስፈልገው መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በከተማው ፕላን መንገድ ይነካው እንደሆነም ጠይቁ። ከተማችን ሬጂዮ ፖሊታን፣ ማለትም ተጠሪነቷ በቀጥታ ለክልሉ የሆነ ትልቅ ከተማ፣ ከተባለች ወዲህ ብዙ ነገር እየተቀየረ ነው፤ የድሮ ሰነድ ላይ ቀበሌ የሚለው አሁን በክፍለ ከተማ ነው የሚጠራው፤ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ቦታ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ካርታው ሁለት መቶ ካሬ እያለ አጥሩ ሁለት መቶ ስልሳ ከሆነ፣ ያ ስልሳ የሻጩ አይደለም፤ የማይሸጥ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ።

ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ እና ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የሚያዝ ቦታ፣ ለየቅል ናቸው። የሊዝ ቦታ ከሆነ የቀረው ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ግንባታው በውሉ ጊዜ ተጀምሮ አልቆ እንደሆነ እዩ፤ ያልተከፈለው ከቦታው ጋር ወደ እናንተ ይመጣል። ያልተሠራ ባዶ የሊዝ ቦታ «እናስማማለን» ተብሎ ሲቀርብላችሁ ደግሞ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ይህን ሆን ብሎ ያጠበበው መሆኑን አትርሱ፤ ሰው መሬት በሊዝ ወስዶ ሳይሠራበት እንዳያተርፍ ነው ነገሩ።

ውል የሚፈረመው ውልና ማስረጃ ፊት ነው። የመንደር ውል፣ ሦስት ምስክር፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ፤ ይህ ለበግ ሽያጭ ይበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት ይላል። ቀብድ ስትሰጡም በጽሑፍ ይሁን፣ «ቀብድ» የሚለውም ይጻፍበት። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር በሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህችን አንቀጽ የሚያውቅ ገዢ ሻጭ ዘንድ ይከበራል። ዋጋ አሳንሶ መጻፍን በተመለከተ ደግሞ፦ ታክስ ለመቀነስ ሻጭ «ውሉ ላይ ግማሹን እንጻፍ» ይላችኋል። ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያስመልስላችሁ የተጻፈውን ነው። የቀረውን ከማን ትጠይቃላችሁ?

በውክልና የሚሸጥ ቤት እየበዛ ነው፤ ባለቤቱ ውጭ አገር፣ የሚያሳያችሁ የአጎቱ ልጅ። ውክልናው ቤት ለመሸጥ ብሎ በግልጽ የሚናገር መሆኑን፣ አለመሻሩንም እዩ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይሞታል። ባለቤቱን በቪዲዮ ደውላችሁ ፊቱን እዩት፣ የሚሸጥበትን ዋጋም ከአፉ ስሙት። ተወካዩ የሚያፍር ወይም የሚያኮርፍ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ከወረቀቱ ሁሉ ግን የሚከብደው ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። በመሀል ከተማ ያሉ የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ ታሪካቸው ከ1967 ይጀምራል። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለቤተሰብ አንዲት መኖሪያ ቀረችለት። እናትና አባት በዚያች ቤት ልጆች አሳደጉ፣ እዚያው አረፉ። ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ መሃል ሜዳ መምህር። እናታቸውን ያስታመመችው የመጨረሻዋ ልጅ ደግሞ ቤቱ ውስጥ አለች።

እንዲህ ያለ ቤት ሊሸጥ ሁላችንም ተቀምጠናል። ገዢው ወጣት መምህር ነው፣ ብሩን ባንክ አዘጋጅቷል። ወንድሞች «እሷ ተስማምታለች፣ ፊርማዋን በኋላ ታደርጋለች» አሉ። ልጅቷ ቡና ታፈላለች። ሲኒ ስታቀብለኝ «አንቺስ ልጄ፣ ከዚህ ወጥተሽ የት ልትገቢ ነው?» አልኳት። «እሱን እስካሁን የጠየቀኝ የለም ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ቤቱ ጸጥ አለ። መምህሩ በጣም ተናደደብኝ፤ ያን ቀን ሳይፈረም ቀረ። ወንድማማቾቹ ሽማግሌ ተቀምጠው ድርሻዋን ለይተው ከሰጧት በኋላ፣ ሁሉም ወራሾች ፈርመው፣ ያው መምህር ገዛው። በዚያ ቀን ቢፈረም ኖሮ ገዢው ቤት ሳይሆን ክስ ነበር የሚገዛው፤ ክሱ ባይመጣ እንኳ ያቺን ልጅ በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እያያት ይኖር ነበር። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ቁጠሩ። የባልና ሚስት ከሆነም ሁለቱም ይፈርሙ፤ የጋራ ቤት ባል ብቻውን አይሸጥም፣ ሚስትም ብቻዋን አትሸጥም። «ሚስቴ ጸበል ሄዳለች» ካላችሁ እስክትመለስ ጠብቁ።

ከከተማ ዳር ከአርሶ አደር የሚገዛ መሬት የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው፤ አላሻሽጥም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው ያለው። ይህን ለመሸፋፈን የብድር ውል ያጽፏችኋል፤ ገበሬው ከእናንተ ይህን ያህል ብር ተበድሯል ተብሎ ይፈረማል። ወይም ስጦታ ይሉታል። ቦታው ወደ ከተማ ሲካለል ካሳው በስሙ ለተመዘገበው ባለይዞታ ይሄዳል፤ እናንተ በሌሊት ያቆማችኋት ጨረቃ ቤት ደግሞ በቀን ትፈርሳለች። ገበሬውም ቢሆን የገብስ ማሳውን ሸጦ ባጃጅ ገዝቶ፣ ባጃጇ ስታረጅ በገዛ መሬቱ ላይ ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር አይቻለሁ። በዚህ ገንዘብ ልጆቼን ማብላት አልፈለግኩም፤ ሌሎች ያደርጉታል።

የመንግሥት ሠራተኞች ካላችሁ ማኅበር ተደራጅቶ በዝግ ሒሳብ ቆጥቦ ቦታ መጠበቅ አንዱ መንገድ ነው። ይዘገያል፣ ስብሰባው ያሰለቻል፣ ከሃያው አባል ሁለቱ ሁልጊዜ ይጣላሉ። የሚገኘው ግን ንጹሕ ቦታ ነው።

ከደብረ ብርሃን ውጭ ለሚያስቡም አንድ ሁለት ቃል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ አገሩ ለዓይን ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ተዳፋቱ የሚንሸራተት ነው፤ በ1998 በይዛባ ወይን አካባቢ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት የአገሩ ሰው አይረሳውም። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ሽማግሌ ጠይቁ፤ ዛፎቹ ያዘነበሉበት፣ አዲስ ምንጭ በድንገት የፈለቀበት ቦታ አይገዛም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ወባ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ገበያው ግን ሞቅ ያለ ነው። ለእኔ የደጋ ሰው ነኝና አይመቸኝም፤ ለንግድ የተፈጠረ ወጣት ቢሄድ አልከለክለውም።

አሁን ወደ ኪራዩ ልመለስ። ለገዢ የማይነገር ነገር ለተከራይ ይነገራል። ቤት ልትገዙ መጥታችሁ ጎረቤት ብትጠይቁ «ጥሩ ሰፈር ነው» ብቻ ነው መልሱ፤ የሻጩን ገበያ ማበላሸት ነውር ነዋ። ተከራይታችሁ ቡና ስትጠጡ ግን ውሃው በስንት ቀን ፈረቃ እንደሚመጣ፣ የትኛው ግቢ ከየትኛው ጋር በአጥር እንደተካሰሰ፣ ወፍጮ ቤቱ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ከአረቄ ቤቱ ማን እየጮኸ እንደሚወጣ ሳትጠይቁ ይነገራችኋል። ክረምት ላይ ባጃጅ እስከ በራችሁ ይገባ እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር ሚስታችሁን በሌሊት በምን እንደምታወጡ ታውቃላችሁ። ይህን የሚያወጣ ማዘጋጃ ቤት የለም።

ዕድሩንም ገና ተከራይ ሳላችሁ ግቡበት። «ሲገዛ እመዘገባለሁ» የሚል ወጣት ብዙ ነው። የሰፈሩ ሰው እናንተን የሚያውቃችሁ ለቅሶ ላይ ድንኳን ስትተክሉ፣ ወንበር ስትሸከሙ፣ ሰንበቴ ላይ ዳቦ ስትቆርሱ እንጂ ካርታ ስትይዙ አይደለም። በዚህ መንገድ የተዋወቁ ልጆች ቤት ሲያገኙ ያገኙት ብዙ ጊዜ በእኔ በኩል አይደለም፤ አንዲት እናት «ልሸጥ ነው፣ ለባዕድ ከምሰጥ ለዚህ ልጅ» ብለው ነው። ዋጋውም ከገበያው ዝቅ ብሎ። እኔ ኮሚሽን የለኝ፤ ሠርጋቸው ላይ ግን እጠራለሁ።

በደላላ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የኮሚሽኑን ነገር ገና ሲጀመር ተነጋገሩ፤ ማን እንደሚከፍል፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። ግማሹን ውልና ማስረጃ ስትፈርሙ፣ ግማሹን ስም ዞሮ ካርታው በእጃችሁ ሲገባ ክፈሉ። የውሃና የመብራት ቆጣሪውም በዚያው ወደ ስማችሁ ይዙር፤ የቆየ ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ ሻጩ ብሩን ከመቀበሉ በፊት ይዝጋው። እኔ በዚህ አከፋፈል እሠራለሁ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ያኮርፋሉ፤ ያኩርፉ።

ጋሼአችሁ
ደብረ ብርሃን